አንድ ጎማ ብቻ

ባለጆሮው የሞተው እንደኖረው፣ እያዳመጠ ነው። መርማሪው ሲደርስ፣ የመኪናን ብልሽት በጆሮው ስለሚለይ ይህ ስም የወጣለት የጋራዡ ባለቤት ከትልቋ የበረሃ መኪና ኋላ በጀርባው ተዘርሮ፣ የማዳመጫ ብረቱን እንደጨበጠ ነበር። ጎረቤቶች ተረባርበው መኪናዋን ከደረቱ ላይ አንስተውለታል፤ ነፍሱ ግን አልጠበቀቻቸውም።

«ክሪኩ ተንሸራቶ ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «አደጋ ነው ጌታዬ። ይፈረምና ቤተሰቡ ይቅበር።»

መርማሪው አልፈረመም። በአውቶቡስ የመጣ፣ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው፤ ስለ መኪና የሚያውቀው ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው እያሉ ባልደረቦቹ ይስቁበታል። እሱ ደግሞ የማያውቅ ሰው ለመጠየቅ አያፍርም ባይ ነው። ጎንበስ ብሎ ሲሚንቶውን አየ። በክሪክ ተነስቶ የነበረው የቀኙ የኋላ ጎማ ነው። መሬት ረግጦ በነበረው በግራው ጎማ ስር ግን ጥቁር የላስቲክ ጭረት ነበር። በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተው።

ቢሮው ውስጥ የሟቹ ልጅ ጫማዋን አውልቃ ግራ እግሯን ታያለች። ምህንድስና ተምራ አባቷ ጋ ሥራ ከጀመረች ገና መንፈቋ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሳይጠይቃት። «ይቺ እግሬ ናት።»

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ የኔ ልጅ። እኔ መኪና አላውቅም።»

«አባባ ድምፅ ሲፈልግ ሁሌም አንድ ጎማ ብቻ ነው የሚያነሳው። ሞተር ይነሳል፣ ማርሽ ይገባል፣ የተነሳው ጎማ አየር ላይ ይዞራል። እሱ ስሩ ይተኛና ብረቱን ከጆሮው ያስጠጋል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ መሪው ላይ የሚያስቀምጠው እኔን ነው፤ እንድለምድ። ‹ልቀቂ!› አለኝ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። መኪናዋ ወደ ፊት ዘለለች…»

«እስከ ዛሬስ ለምን ሳትዘል ቀረች?»

«ዲፈረንሻል አላታ። ጉልበቱ የሚሄደው ወደ ቀለለው ጎማ ነው። አንዱ አየር ላይ ከሆነ እሱ ብቻ ይዞራል፣ መሬት ያለው ቁጭ ብሎ ያያል። መኪና አሸዋ ላይ የሚቀረውም ለዚሁ ነው። ደንበኛችን መቆለፊያ የፈለገው እኮ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ እንዲያስርለት ነው።»

«ተገጥሟል?»

«ኧረ አልተገጠመም! ዛሬ ነበር የምንጀምረው።» መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ካርቶኖች አሳየችው። «ያኛው በራሱ ጊዜ የሚቆልፍ ነው፤ ደንበኛው ያመጣው። ይሄኛው በአየር ግፊት፣ ሹፌሩ ማብሪያውን ሲጫን ብቻ የሚይዝ ነው። ትናንት ከአባባ ጋር ቀኑን ሙሉ ዞረን የገዛነው። እኔ ሰው ሳያውቀው የሚይዝ ነገር አልወድም። ከትናንት ወዲያ ክርክር ሲበዛ አባባ ‹ከእንግዲህ በዚህ ጋራዥ ምርጫው የእሷ ነው› ብሎ ዘጋው።»

«ማን ፊት?»

«ደንበኛችንና የአክስቴ ልጅ ፊት።»

ደንበኛው መንገደኞችን በረሃ የሚያሻግር ሹፌር ነው፤ ሰው ሁሉ አሸዋ ይለዋል። በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን እየጠመዘዘ ያለቅሳል።

«አንተ በራሱ የሚቆልፈውን ነበር የፈለግከው?»

«አዎ ጌታዬ። የአየሩማ ቱቦ አለው፤ በረሃ መሀል ድንጋይ ቢበጥሰው ማን ይቀጥልልኛል? ግን ለብረት ብዬ ሰው የምገድል መሰልኩዎት?»

«ዕቃውን ታውቀዋለህ?»

«በዝና ነው። የባለጆሮው የእህት ልጅ ነው ያሞገሰልኝ። ሌላ ጋራዥ ሳለ ገጥሞታል፤ ከእኛ ውስጥ ሲሠራ ያየው እሱ ብቻ ነው።»

«ዛሬ ለምን አመጣሃት?»

«ትናንት ዘይት ተቀይሮላት ስወስዳት፣ ጥምዝ ላይ ከኋላ ቀጭ ቀጭ አለችብኝ። ጠዋት ለባለጆሮው ነገርኩት። ‹ኩሽኔታ ነው፤ አንሱልኝ፣ ልስማት› አለ።» አፉን በኮፍያው ያዘ። «ምነው አፌን በቆረጠው!»

የእህትየው ልጅ ዋናው መካኒክ ነው፤ አጎቱ ያሳደገው። እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ቱታ ለብሶ ጠበቀው።

«ትናንት ዘይቱን የቀየርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ብቻዬን ነበርኩ፤ እነሱ ገበያ ውለዋል።»

«ከዚያ ነዳሃት?»

«ግቢውን አዙሬ በሩ ላይ አቆምኳት።»

«ቀጭ ቀጭ አላለችም?»

«ምንም! ድምፅ የሚባል አልነበራትም።»

«መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚደረገው ታኮ ለምን ከጎማው ኋላ ብቻ ሆነ?»

«ወለሉ ወደ ኋላ ያዘነብላላ፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። ጌታዬ፣ ክሪኩ አርጅቷል ብዬ ስንቴ ነገርኩት! አጎቴ አይሰማም።» ወደ ቢሮው አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷም ጀማሪ ናት፤ በድንገት ለቃው ይሆናል። እኔ ግን አልፈርድባትም።»

ማንም ሳይጠይቀው አልፈርድም የሚል ሰው መርማሪውን ሁልጊዜ ይገርመዋል። ወደ መደርደሪያው ሄደ። በራሱ የሚቆልፈው ዕቃ ካርቶን በፕላስተር ታሽጓል፤ ታቹ ግን በዘይት ወዝቷል።

ከቀብሩ ማግስት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው። መኪናዋ እንደዚያ ቀን ቀኝ የኋላ ጎማዋን ብቻ አንስታ ቆማለች። መርማሪው ኮቱን አወለቀና፣ ሁሉም እያዩት ባለጆሮው በሞተበት ቦታ በጀርባው ተኛ።

«ጥፋቱ የክሪኩ ከሆነ፣ ይኸው ክሪኩ አዲስ ነው» አለ ከስር። የእህትየውን ልጅ በስሙ ሳይሆን በሥራው ጠራው። «መካኒኩ፣ ግባና ሞተር አስነሳ። ማርሽ አስገባ። ልቀቅ ስልህ ትለቃለህ።»

«አይሆንም!» ብላ ልጅቷ ጮኸች። ፖሊሱ ክንዷን ያዛት።

ሞተሩ ተነሳ። ማርሽ ገባ።

«ልቀቅ!»

ምንም የለም። የመካኒኩ ግራ እግር ፍሪሲዮኑን እንደረገጠ ነው። ላቡ አገጩ ጫፍ ደርሷል።

«ልቀቅ እንጂ! ተራ ዲፈረንሻል አይደል? ምን ትሆናለች?»

«ጌታዬ… ይነሱ ከዚያ።»

«ለምን?»

«በቃ ይነሱ አልኩ!» ሞተሩን አጠፋው።

አሸዋ ደሙ ፈላ። «ምን ያስፈራል? ውረድ! እኔ ልልቀቀው!» ብሎ የመኪናዋን በር ያዘ።

«አትድከም ወንድሜ» አለ መርማሪው ወገቡን ይዞ እየተነሳ። «ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ጠዋት አስፈትቼዋለሁ። ብትለቅም ንቅንቅ አትልም፤ እኔም ሚስት አለችኝ።»

ማንም አልሳቀም። ወደ ልጅቷ ዞረ።

«የተነሳውን ጎማ በእጅሽ አዙሪው።»

ገፋችው። በሁለት እጇ ገፋችው። አልዞረም።

«ሌላው መሬት ይዞታላ» አለ መርማሪው። «ሁለቱ ታስረዋል። ክሪክ ቢንሸራተት ኖሮ መሬት ላይ ያለው ጎማ ሲሚንቶ ባልፋቀ ነበር። መቆለፊያው ካርቶኑ ውስጥ ነው አላችሁኝ።» ካርቶኑን አውርዶ ገለበጠው። ያረጁ፣ ዘይት የጠጡ ጥርሳም ብረቶች ወለሉ ላይ ተንኳኩ። «እነዚህ የመኪናዋ የራሷ ናቸው። አዲሱ በእነሱ ቦታ ገብቷል። መኪናዋ ያላንዳች ተመልካች ቀኑን ሙሉ በማን እጅ ዋለች?»

መካኒኩ ከመኪናዋ ወረደ።

«ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጠየቅኩ። በራሱ የሚቆልፈው ጥምዝ ላይ ቀጭ ቀጭ ማለት ጠባዩ ነው አለኝ። አሸዋ የሰማውን ድምፅ፣ ሰምቶ የሚያውቀው መካኒክ ‹ምንም› አለኝ። አንተ ሰምቻለሁ ብትል ምን እንደሆነ ልትነግረኝ ነበራ። ድምፁ ወጥመድህ ነው። አጎትህ ድምፅ ከሰማ አንድ ጎማ አንስቶ ስሩ እንደሚተኛ ታውቃለህ። ባለጆሮውን በጆሮው አጠመድከው።»

«ዕድሜዬን እዚህ ጨረስኩ!» አለ መካኒኩ ድንገት። «ዘይት ስጠጣ ያደግኩት እኔ! ገና ከመምጣቷ ምርጫው የእሷ ነው አለ፤ በሰው ፊት!»

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሱት የሚባለው እውነት ነው» አለ አሸዋ። «እኔ ነኝ ማጭዱን ያመጣሁለት።»

መርማሪው ዓይኑን ከመካኒኩ አላነሳም። «አጎትህን መግደል ብቻ አልበቃህም። መሪ ላይ የምትቀመጠው እሷ እንደሆነች ታውቃለህ። ዕድሜዋን ሙሉ እግሯን እያየች እንድትኖር፣ ጋራዡንም ራሷ ጥላልህ እንድትሄድ ነው።»

ፖሊሱ መካኒኩን ይዞት ወጣ። ልጅቷ ያረጁትን ብረቶች እያየች ቆማ ቀረች።

«አባባ ‹ልቀቂ› ሲለኝ…»

«ሲልሽ ለቀቅሽ። ልክ እንዳስተማረሽ። ሌላ ምንም አላደረግሽም።»

አባቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች፤ ሁለቱ ሰዎች እንዳላዩ ሆነው ግድግዳ ግድግዳውን አዩ።

«እህቴ» አለ አሸዋ በመጨረሻ። «የአየሩን ግጠሚልኝ። ሰው ሲያዘው ብቻ የሚይዘውን።»

ፊቷን በክንዷ ጠረገችና የአባቷን ቱታ ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«መጀመሪያ ያንን በራሱ የሚቆልፈውን እናውጣ። ክሪክ አምጣልኝ።»

«ይኸው አለ እኮ፤ ጎማው ተነስቷል።»

«ሁለተኛ ክሪክ» አለች። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት አንድ ጎማ ብቻ አይነሳም።»