ቀድማችሁ አትነሡ

ቴዎ ሰብለ ወንጌልን የወደዳት ወንድሙን የገደለችበት ቀን ነው።

ወንድም እንኳ የለውም። በአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች ስኪል ላብ በሚባለው የተግባር መለማመጃ ክፍል ውስጥ ግን አቶ አዘዘ የሚባል፣ ወንድሙ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ የቀረበት አስታማሚ እንዲሆን ታዞ ነበር። ክፍሉ መርፌ የሚለማመዱበት አንድ የጎማ ሰው አለው፤ ተማሪዎቹ «ጋሼ ጎማ» ይሉታል። ጋሼ ጎማ የፈለጉትን ያህል ቢወጉት አያማርርም። የዚያን ዕለት ትምህርት ግን መጥፎ ዜና መንገር ስለነበረ፣ የሚደነግጥ ፊት ያለው ሰው አስፈለገ።

ሰብለ ጋውኗን ለብሳ ገባች፤ የዘጌ ቄስ ልጅ ናት። ወንበር እንኳ ሳትስብ፣

«አቶ አዘዘ፣ ወንድምዎ ሞቷል። ሶፍት ይፈልጋሉ?» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ራሷም የቴዎን ጉልበት መታ አድርጋ ሳቀች። ያልሳቀው ወንድም የሞተበት ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱ የተመታ ጉልበቱን እያየ ነበር።

«ተቀመጪ!» አሏት መምህርታቸው ሲስተር እናትዓለም። «መጀመሪያ የሚያውቀውን ትጠይቂዋለሽ። ከባድ ነገር እንደሚመጣ ታስጠነቅቂዋለሽ። ከዚያ በአጭሩ ትነግሪውና ዝም ትያለሽ። ዝም! ሰዓት አታዪም፣ በር በር አታዪም። ሁላችሁም ስሙኝ፤ ቀድማችሁ አትነሡ። የሚነሣው ባለ ኀዘኑ ነው።»

«ሲስተር፣ እኛ ዘንድ እኮ መርዶ የሚያረዳው ሽማግሌ ነው፤ ያውም ጎሕ ሲቀድ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ። እኔ ብቻዬን በምን አቅሜ?»

«ሆስፒታል ሽማግሌ የሚቀጥርበት በጀት የለውም፣ ልጄ።»

ቴዎ ሊያለማምዳት ፈቃደኛ ሆነ። በጎ አድራጊነቱን ጓደኞቹ ሁሉ አደነቁ፤ የፓቶሎጂ ኖቱን ለአንድ ቀን አውሶ የማያውቅ ልጅ ነዋ! ከክፍል ሲወጡ ሐይቁ ዳር፣ ከጀልባ ማረፊያው አጠገብ ካለችው የዋርካ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በዚያ መንፈቅ ቴዎ ያልሞተበት ዘመድ የለም። አጎቶቹን ፈጀቻቸው፤ አክስቶቹን ጨመረች፤ በመጨረሻ ዘመድ ሲያልቅባቸው ገና ያላገባትን ሚስቱን ሁሉ ገደለችበት።

የሚያስቸግራት ዝምታው ነበር። ነግራው ስታበቃ ትንሽ ትታገስና፣ ሳቋ ያመልጣትና ጉልበቱን መታ ታደርጋለች።

«ወደቅሽ» ይላታል።

«ፊትህ ነው እኮ! የሞተበት ሰው ሳይሆን የራበው ሰው ትመስላለህ።»

«ዓይን ዓይኔን እያየሽ ዝም በይ። ሌላ ምንም አይደለም።»

እንዲህ ያለ የቤት ሥራ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ለሚመጣው ነገር አብሮ መጠየቅ ነበረበት። አንድ ቀን ዝምታው መሐል ሳቋ ሳይመጣ ቀረ። እጇ ግን መጥቶ ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ፤ አልተነሣም። መንጫጫት የለመደ ወፍ ሁሉ ሐይቁ ላይ ዝም ያለ መሰለው።

ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። ተመረቁ። የቴዎ አባት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ናቸው፤ ከሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል ሽማግሌ መርጠው ጨርሰዋል።

«አንዱ ፎርማን ነው» አላት ቴዎ። «አባትሽ እምቢ ካሉ የሌሊት ፈረቃ ይመድባቸዋል።»

እየሳቀች በጀልባ ወደ ዘጌ ሄደች። ለአባቷ እኔው ቀድሜ ልንገራቸው ብላ ነው።

ስትመለስ እዚያው ዋርካ ሥር ጠራችው። ነጭ ነጠላዋን ተከናንባለች።

«ተቀመጥ» አለችው። እሷም ተቀመጠች።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብኝ?»

«ስለ አባባ ምን ታውቃለህ?»

የድሮው ጨዋታ መሰለው። ድምፁን አጎርንኖ አቶ አዘዘን ሆነላት። «ቄስ ገብረ ኪዳን ዓይናቸውን ይደክማቸዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሲስተር። ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«ከባድ ነገር ልነግርህ ነው።»

እጆቿ የገዛ ጉልበቷን ይዘዋል። ይኼኔ አቶ አዘዘ ከቴዎ ፊት ላይ ወረደ።

«የአባባ ዓይን ጠፍቷል። ከእንግዲህ አይቀድሱም። ደብሩ የቀረው አንድ ቄስ ነው፤ በአንድ ቄስ ደግሞ ቅዳሴ የለም። ዲያቆን ፍሬ ስብሐት ሊቀስስ ነው። ከመቅሰሱ በፊት ማግባት አለበት።»

«ያግባ!»

«እኔን ነው፣ ቴዎ።»

«ዘጌ ሴት አልቋል?»

«አላለቀም። እሱ ግን ሰብለን ካልሆነ ክህነቱም ይቅርብኝ፣ ከተማ እገባለሁ ብሏል።»

«እምቢ በያቸዋ!»

«ቢያዙኝ እምቢ እል ነበር። ሌሊት ጠፍቼ እመጣ ነበር። አላዘዙኝም። ለመኑኝ። በዳበሳ እግሬን ፈልገው ሊወድቁ ሲሉ ያዝኋቸው። እሺ አልሁ።»

ከዚያ ዝም አለች።

ዓይን ዓይኑን እያየች ዝም አለች። ቴዎ ሳቋን ጠበቀ። አሁን ያመልጣታል፣ አሁን ጉልበቴን ትመታለች፣ አሁን «ወደቅሽ» እላታለሁ። ተማሪ እንዲወድቅ እንዲህ የለመነ መምህር የለም። አልወደቀችም። እንባዋ ወረደ፤ ዝምታዋ ግን አልተነቃነቀም። አስተማሪዋ ጎበዝ ነበር።

«ዘጌ! የመጨረሻ ነው! ዘጌ!» እያለ ጀልባ ነጂው ተጣራ።

ሰብለ አልተነሣችም። ነጂው ሞተሩን አስነሣ። አልተነሣችም። ያን ጊዜ ገባው፤ እሱ ካልተነሣ እሷ አትነሣም። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ጀልባው ይሄዳል፣ ጀምበር ትጠልቃለች፣ ለዲያቆን የታጨች የቄስ ልጅ ከተማ አድራ አገሯ አትገባም፣ ሠርጉም ይፈርሳል። ፎርማንም፣ ሽማግሌም አያስፈልግም ነበር። መቀመጥ ብቻ በቂ ነበር። እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ጠበቀ።

ነጂው ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ያኔ ዓይኗ አንዴ፣ አንድ አፍታ ብቻ፣ ወደ ጀልባው ሄዶ ተመለሰ። ሲስተር እናትዓለም ቢያዩ ማርክ ይቀንሱባት ነበር። ዓይን ያጡ ሽማግሌ የዘጌ ወደብ ላይ ቆመው የሞተር ድምፅ ሲያዳምጡ ቴዎም በእሷ ዓይን ውስጥ አያቸው።

እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ዘረጋችለት።

«ሶፍት ትፈልጋለህ?» አለችው።

ቴዎ ተቀበላትና ቀድሟት ተነሣ።