የወፍ ቤቱ ቁልፍ

ስሙኝማ... ይሄን ከሰው የሰማሁት አይደለም። እኔው ራሴ በእነዚህ ዓይኖቼ ያየሁት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ። እኔ ግን ከዛ ቀን ወዲህ በር ሲንኳኳ ተነስቼ አልከፍትም።

ሐሙስ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት ከሃያ።

ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ... ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ያለነው ካሊማንታን የምትባል ደሴት፣ ባሪቶ ወንዝ ዳር ነው። አጎቴ ጃምሃሪ ከሩዝ ማሳው ማዶ፣ ከቤታቸው አራት መቶ ሜትር ርቆ የወፍ ቤት አላቸው። ባለ ሦስት ፎቅ፣ መስኮት የሌለው ግንብ። ወፎቹ ውስጡ በምራቃቸው ጎጆ ይሠራሉ፣ ጎጆው ለሾርባ ስለሚፈለግ አጎቴ ለቅመው ይሸጡታል። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በዛ ገቢ ነው።

ሌባ ሁለቴ ገባባቸው።

ስለዚህ በየፎቁ አንድ አንድ ካሜራ ሰቀልን። ግን እዛ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። የቤቱን ዋይፋይ ማሳውን አሻግሮ እዛ ማድረስ የኔ ሥራ ሆነ።

አንዱን አንቴና ቤቱ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩ። ሌላኛውን የአጎቴ ልጅ ሩስማን ይዞ ሊሄድ ሲል አጎቴ ጠሩት።

"ሳታንኳኳ እንዳትገባ። ሦስቴ። ወፎቹ ይደነግጣሉ።"

"እሺ አባዬ። ግባ ካሉኝ ጫማዬን ላውልቅ?"

አጎቴ አልሳቁም።

"ከውስጥ መልሶ ከተንኳኳ... እንዳትገባ። ተመለስ።"

ሩስማን አረንጓዴ ኮፍያውን አጥልቆ እያፏጨ ሄደ።

ሁለቱ አንቴናዎች ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። ትንሽ ከዞሩ አለቀ። እኔ ጣሪያ ላይ ሆኜ ቀይ ፎጣ አውለበልባለሁ፣ እሱ ማዶ ያዞራል። ግራ... ቀኝ... ግራ...

ስልኬ ጮኸ። ሩስማን ነው፣ በዋይፋይ የደወለው።

"ዛይኒ! ይሰማል?"

"ሲግናሉ ዘጠና በመቶ! አንበሳ ነህ!"

ወዲያው ዘጠናው ሠላሳ ሆነ።

"ከፊቱ ዞር በል እንጂ!"

"የምን ፊት? መሰላል ላይ ነኝ፣ ከጀርባው።"

"የሆነ ሰው ፊቱ ቆሟል ባክህ።"

ማሳውን አየሁት። ማንም የለም።

ሠላሳ... ሠላሳ... ከዛ ዘጠና። ልክ አንድ ሰው ቆሞ ቆሞ እንደሄደ።

አንደኛው ካሜራ መጣ። ሁለተኛውም መጣ። ሦስተኛው ጥቁር ነው።

"የላይኛው እምቢ አለ። ገብተህ ሶኬቱን እየው" አልኩት።

እኔ ነኝ ግባ ያልኩት። እኔ።

በስልኩ ሰማሁት። ኳ... ኳ... ኳ።

ዝም።

ከዛ... ኳ... ኳ... ኳ።

"ሩስማን፣ ደገምከው እንዴ?"

"ኧረ... አንዴ ነው ያንኳኳሁት።" ድምፁ ዝቅ አለ።

"በቃ ተመለስ። አባትህ ምን አሉህ?"

"ባዶ ግንብ እኮ ነው፣ ድምፄን ነው የመለሰው። ፈሪ! አንተ ሚስት እንዴት ነው የምታገባው?"

ገባ።

አንደኛው ካሜራ ላይ አለፈ። አረንጓዴ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ።

ሁለተኛው ላይ አለፈ። አረንጓዴ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ።

ከዛ... አንደኛው ላይ እንደገና ሰው አለፈ።

አረንጓዴ ኮፍያ። የእጅ ባትሪ የለውም።

"ሩስማን... ከኋላህ..."

ሠላሳ። ሃያ። ዜሮ።

ተቋረጠ።

ከጣሪያው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። እየወደቅኩ እየተነሳሁ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ደረስኩ።

ሩስማን በሩ ላይ ቆሟል። ውጪ። ደህና።

"አንተ ከብት! ነፍሴን ልታወጣት ነበር!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አስር ስድብ ይመልስልኝ ነበር።

"ጨርሻለሁ። ቆልፈው" አለኝ።

የወፍ ቤት በር ተከፍቶ አይቆይም፣ ብርሃን ከገባ ወፎቹ ይሸሻሉ። እጄ ስለለመደ ጓጉንቸሩን ቆለፍኩና ላዩ ላይ የተሰካውን ቁልፍ ኪሴ ከተትኩት።

"የእጅ ባትሪህስ?"

"ውስጥ ነው።"

ማሳውን አቋርጠን ተመለስን። እሱ ከፊት። ያው ጭቃ ውስጥ ነው የሚረግጠው... እግሩ ግን ንጹሕ ነው።

ቤት ደረስን። ሩስማን የገዛ ቤቱ በር ፊት ቆመ።

ኳ... ኳ... ኳ።

"ማነው?" አሉ አጎቴ ከውስጥ።

በሩ እንዲከፈትለት ጠበቀ።

ያኔ ስልኬ ነዘረኝ። መስመሩ ተመልሷል። ደዋዩ... ሩስማን ይላል።

ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ትንፋሽ። ከትንፋሹ ኋላ የወፍ ጫጫታ።

"ዛይኒ..." በሹክሹክታ ነው። "በሩን ማነው የቆለፈብኝ? ባትሪዬ እየደከመ ነው... ቶሎ ና..."

አጠገቤ ያለው ሩስማን ቀስ ብሎ ዞረ።

ስልኬን አላየውም። ኪሴን ነው ያየው።

ፈገግ አለና መዳፉን ዘረጋልኝ።

"ቁልፉን ስጠኝ።"