ገብሱ ሲተነፍስ

ኢንስፔክተር አልጋነሽ ከደብረ ታቦር ተነሥታ ጉና ሥር ስትደርስ የገበሬው የባንተአምላክ አስከሬን በጋቢ ተሸፍኖ ቤቱ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ትናንት ከእህል ጉድጓዱ ሞቶ ነው የወጣው። ገላው ላይ ጭረት እንኳ የለም። መንደሩ «ጉድጓዱ ጂኒ አለበት» ይላል።

አገኘሁ የተባለው ጎረቤቱ ከሟች ጋር በድንበር ተካስሶ ስለነበር ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው።

«እኔ ጩኸት ሰምቼ ነው የደረስሁት» አለ። «ከላይ ሆኜ በገመድና በቆልማማ እንጨት ልብሱን ጠልፌ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

የሟች ሚስት ስርጉት ከአስከሬኑ ራስጌ አልተነሣችም። «ለዘር ገብስ ሊያወጣ ነበር። በቅሎዋን እያሰረ ‹ኩራዙ በርቷል ወይ?› ሲል ሰማሁት። ደሞዜ ‹በርቷል፣ ውረድ› አለው።»

ደሞዜ የሟች ታላቅ ወንድም ነው፤ ሚስት አላገባም።

«አዎ፣ ጉድጓዱ ለሰው ደህና መሆኑን ለማየት ኩራዙን በገመድ ያወረድሁት እኔ ነኝ፤ ታችም ቦግ ብሎ በራ» አለ። ስርጉት ጋቢውን በዳበሰች ቁጥር ጥርሱን ነክሶ ፊቱን ያዞራል። አልጋነሽ ይህን ልብ አለችው።

ወደ ጉድጓዱ ሄዳ በገመድ በታሰረ ጣሳ ገብስ አስወጣች። ትኩስ ነው፤ ርሷል፤ ነጫጭ ሥር አቆጥቁጧል። ሁሉንም አስጠራችና ኩራዝ ለኩሳ በገመድ አወረደች። ጥቂት እንደወረደ እልም አለ።

«እህል ሕይወት አለው» አለች። «ውሃ ሰርጎበት ሲያቆጠቁጥ ጉልበት ይፈልጋል። እኛ የበላነውን ምግብ በምንስበው አየር ጉልበት እንደምናደርገው ሁሉ፣ እሱም ውስጡ ያለውን ስንቅ በኦክስጅን ይፈጨዋል። ትርፉ ሙቀትና የተቃጠለ አየር ነው። ተዘግቶ በከረመበት የጉድጓዱን ኦክስጅን ጨርሶታል። ባንተአምላክ ያጣው እሱን ነው።»

«ታዲያ ሰው አልገደለውማ!» አለ አገኘሁ።

«ኩራዝም ያለ ኦክስጅን አይነድም» አለች ወደ ደሞዜ ዞራ።

«ትናንት በርቶ ነበር!» ብሎ ጮኸ ደሞዜ። «ዛሬ ነው የከፋው!»

«ጉድጓዱ ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ነፋስ ገብቶታል። ዛሬ የጠፋ ኩራዝ ትናንት ክዳኑ ገና ሲነሣ እንዴት ይበራል? እርስዎ ሲጠፋ አይተው ነው ‹ውረድ› ያሉት።»

ደሞዜ በእጁ ወደ ስርጉት አመለከተ።

«መጀመሪያ ሽማግሌ የላክሁባት እኔ ነበርሁ» አለ። «እሱን መረጠች። ትናንትም ውሃ ስታቀብለው ሳቀችለት። ያን ሳቅ ለእኔ አንድ ቀን ስቃው አታውቅም። ወዲያው ሲጠይቀኝ አፌ ‹በርቷል› አለ።»

ስርጉት ቀና ብላ አየችው።

«ዘሩን ሊያወጣ የነበረው ለአንተ ማሳ ነው» አለችው። «‹የወንድሜ መሬት ጦም አያድርም› ብሎ።»

ደሞዜ ካቴናው ሲገባለት እጁን ራሱ ዘረጋ።