ከቀዩ ከፋይ ሥር

በፍኖተ ሰላም ሕፃን ፎቶ የሚያስነሳ ሁሉ የሚሄደው ባዘዘው ዘንድ ነው። ባዘዘው ልጅ ለማሳቅ እንደ ፍየል ይጮሃል፤ ልጆቹ ግን የሚስቁት በመላጣው ነው። ገና መቀመጥ ያልቻለ ሕፃን ሲመጣ ሚስቱ ሙሉጎጃም ወንበር ላይ ትቀመጥና ቀይ ከፋይ ከራሷ እስከ እግሯ ትከናነባለች። ሕፃኑን ጉልበቷ ላይ ያስቀምጡላታል፤ እሷም በጨርቁ ውስጥ ሆና ብብቱን ትደግፋለች። ፎቶው ላይ ልጁ ቀይ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ይመስላል።

«ሚስቴን ወንበር አደረግኋት» እያለ ባዘዘው ይቀልድ ነበር።

«ወንበርስ ማታ ማታ ያርፋል» ትለው ነበር እሷም።

ይህ ቀልድ ከጥቅምት ወዲህ ቀርቷል። ልጃቸው ስንቅነሽ በተወለደች በሰባ ስምንት ቀኗ፣ ክርስትና ልትነሳ ሁለት ቀን ሲቀራት አረፈች። ባዘዘው ገና በአራስነቷ ካሜራውን አንስቶ ነበር፤ «ክርስትና ሳትነሳ የሰው ዓይን ይወጋታል፣ ይቆይ» ብላ የከለከለችው ሙሉጎጃም ናት። የከተማው ልጅ ሁሉ ፎቶ በተነሳበት ቤት የስንቅነሽ ምስል አንድም የለም። ሳቅ እንኳ ገና አልለመደችም ነበር።

ከፋዩ ውስጥ ጨለማ ነው። አቧራና የከረመ ላብ ይሸታል፤ የውጪው ድምፅ ከጉድጓድ አፍ እንደሚመጣ ርቆ ይሰማል። ሰሞኑን ግን ሌላ ሽታ ገብቶበታል፤ እርግብግቢት ላይ የሚደረግ የለጋ ቅቤ ሽታ። ሙሉጎጃም የደንበኞቹ ልጆች ነው ብላ ተወችው። ሰኞ ዕለት አንድም ሕፃን ሳይመጣ ጨርቁን ልታጣጥፍ ስታነሳው ያው ሽታ ነበር። ረቡዕ ደግሞ የያዘችው ልጅ ጸጥ ብሎ ሳለ ከጉልበቷ አጠገብ ስርቅታ ሰማች፤ አንድ፣ ቆይቶም ሌላ። ስንቅነሽ ጡት ጠብታ ስትጠግብ እንዲያ ነበር የሚያደርጋት። ሙሉጎጃም ለባሏ አልነገረችውም። ከፋዩን ግን ማጠብ ተወች።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታቸው ደብሪቱ ትናንት ክርስትና የተነሳች ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ገና ሙሉጎጃም ጉልበት ላይ ከመቀመጧ እየተንፈራገጠች አለቀሰች።

«እንደ አባቷ ናት፣ ፎቶ ፊት መኮሳተር ነው» አለች ደብሪቱ።

ልጅቷን ከጉልበቷ ላይ አነሷትና የሙሉጎጃም እጆች ባዶ ሆኑ። ጥቂት ቆይቶ ክብደቱ ተመለሰ፤ ከቅድሙ የቀለለ፣ በዚያ ሁሉ ከፋይ ውስጥ የሚያልፍ ቅዝቃዜ ያለው። ብብቷን ደገፈቻት። ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው የልብ ምት ፈለጉ፤ አላገኙም። የቅቤው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ካሜራው ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ አለ። ባዘዘው እንደ ፍየል አልጮኸም።

ያን ጊዜ ከበሩ ውጪ፣ ከግቢው ማዶ፣ የደብሪቱ እሹሩሩና የልጇ ልቅሶ ተሰማ።

«ባዜ» አለች ሙሉጎጃም ቀስ ብላ፤ ጣቶቿን ግን አላላላችም። «ማንን ነው የያዝኩት?»

ካሜራው አንድ ጊዜ ቀጭ አለ።

«እንዳትነቃነቂ» አላት ባሏ ልቅሶ በያዘው ድምፅ፤ «መሳቅ ጀምራለች።»