ያልተሰበረው መስታወት

በዚያ ዓመት ዝናቡ አንድ ወር ቀድሞ ገባ። ገብቶም አላባራ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት መንገዱ ተቆረጠ። በሁለተኛው፣ የታችኛው ሰፈር ሦስት ቤቶች ከነሰዉ ተንሸራተው ወረዱ፤ አምስት ሰው ሞተ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። በሦስተኛው ትምህርት ተቋረጠ፤ የትምህርት ቤቱ አዳራሽም ቤት ላጡት መጠለያ ሆነ። በአራተኛው ሳምንት የእነ ጥያቄ ቤት የጓሮ ግድግዳ ከጣሪያ እስከ መሬት ተሰነጠቀ።

ጥያቄ የልጅቷ ቅጽል ስም ነው። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። ስሙን ያወጣላት የሒሳብ መምህሯ ነበር። «ይቺ ልጅ ዜሮን እንኳ ‹መኖርህን አስረዳኝ› ትለዋለች» ብሎ ክፍሉን ካሳቀ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ይጠራታል።

ስንጥቁን ሊያይ ግንበኛው መጣ። ከአባቷ ጋር አብሮ ይሠራ የነበረ፣ ሸበቶ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አባቷ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። አንድ ያረጀ መጋዘን ሲጠግኑ ግድግዳው ተደረመሰበት። ከዚያ ወዲህ ግንበኛው በየክረምቱ እየመጣ ጣሪያቸውን ይደፍናል፤ ሳንቲም አይቀበልም። ግን አንድም ቀን ቤታቸው ቁጭ ብሎ አያውቅም። «አረፍ በል እንጂ» ሲሉት «እቸኩላለሁ» ይላል።

ከቦርሳው ጣት የሚያህል ስስ የመስኮት መስታወት ቁራጭ አወጣ። ስንጥቁን አሻግሮ ሁለቱን ጫፎች በጀሶ ሊለጥፋቸው ነው። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ከመለጠፉ በፊት ግን በመሮ ልስኑን ይፍቅ ጀመር። ፋቀ፣ ፋቀ፣ አላቆመም።

«ጋሼ፣ ለምን ዝም ብለው አይለጥፉትም?»

«ጀመርሽ? ጥያቄ ቀረጥ የለውማ!»

«እስኪ ይንገሩኝ።»

«ልስን ቆዳ ነው። ድንጋዩ ሲሄድ ቆዳው ተላጦ ይወድቃል እንጂ መስታወቱ አይሰበርም። ያኔ መስታወቱ ይዋሻል። ድንጋዩ እስኪገኝ መፋቅ ነው።»

ይህን ሲል መሮው እጁ ላይ ቀረ። ዓይኑን ከእሷ አሸሸና ወደ ግድግዳው ዞረ።

እናቷ ከውስጥ ሆና «አትድከም፣ ወንድሜ» አለችው። «እኛ የማይሰበር መስታወት አለን።»

ልጅቷ የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ታውቃለች። አባቷ የሞተ ቀን፣ ያ ሁሉ ግንብ ሲፈርስ፣ ስንጥቁ ላይ ተለጥፎ የነበረው መስታወት ሳይሰበር ከፍርስራሹ ውስጥ ተገኘ። እናቷ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከራስጌዋ አስቀመጠችው። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ትፈታዋለች፣ ትስመዋለች። «ያንን የሚያህል ሰውዬ ያደቀቀ ድንጋይ ይቺን ሳይነካት ያለፈው ለምንድን ነው? ፈጣሪ አለሁ ሲለኝ ነው» ትላለች።

ልጅቷ አንድ ቀን «መስታወቱን ካዳነ አባዬን ለምን አላዳነውም?» ብላ ጠይቃ በጥፊ ተመታለች። እናቷ የመታቻት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በጸሎት ሰዓት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትጸልይም።

ግንበኛው አዲሱን መስታወት ለጥፎ ከሄደ በኋላም «መስታወቱ ይዋሻል» ያላት ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። እናቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጨርቁን ፈታች፤ መስታወቱን ገለበጠችው። ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ጀሶው አለ። ከጀሶው ጀርባ የተላጠ ልስን ተጣብቆ መጥቷል። በጀሶውና በልስኑ መካከል እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ቀለም ይታያል። ድንጋይ የሚባል የለበትም። ማንም አልፋቀም። መስታወቱ የተለጠፈው ቀለሙ ላይ ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሳም የኖረው ተአምር የአንድ ሰው ስንፍና ነበር።

ግንበኛውን ቤቱ ደጃፍ ላይ መሮ ሲስል አገኘችው።

«የመጋዘኑ ግድግዳ አረንጓዴ ነበር፣ ጋሼ?»

መሳሉን ተወ። «ነበር።»

«መስታወቱን የለጠፈው ማነው?»

«እኔ።»

«ለምን አልፋቁም?»

«ሊመሽ ነበር። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ተውኩት። ጠዋት አባትሽ ቀደመኝ። መስታወቱን አየ፤ ደህና ነው ብሎ ገባ።»

«እማዬ አታውቅም።»

«ልነግራት በየክረምቱ እመጣለሁ። ያቺን ጨርቅ ስታወጣ አፌ ይያዛል። መስታወቱን ነጥቄያት ምን እሰጣታለሁ?»

«ስለዚህ ጣሪያ ይደፍናሉ።»

ግንበኛው መሮውን መሳል ቀጠለ።

ልጅቷ ሁለት ቀን ለእናቷ ሳትነግራት ቆየች። ከእናቷ ጋር በዚህ ነገር ስትከራከር አንድ ቀን መርታት ትመኝ ነበር። አሁን ማስረጃው እጇ ገባ፤ መርታቱ ግን አስጠላት። ብትነግራት የእናቷን መደገፊያ በገዛ እጇ ልታፈርስ ነው። ባትነግራት ደግሞ እናቷ ውሸት እየሳመች ልትኖር ነው።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከጓሮ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ። አዲሱ መስታወት ለሁለት ተሰብሯል።

«እማ፣ ግድግዳው እየሄደ ነው! እንውጣ!»

«ያኛው አልተሰበረም» አለች እናቷ፤ ጨርቁን ደረቷ ላይ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «ልጄ፣ እሱ ካለን የትም አንሄድም።»

ከስንጥቁ ውስጥ ትናንሽ ጠጠሮች አልጋው ላይ ተንጠባጠቡ። ልጅቷ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ይህን መናገር የነበረበት ግንበኛው ነው። በዝናቡ ውስጥ ሮጠች።

«ጋሼ፣ መስታወቱ ተሰበረ። እማዬ በአሮጌው ተማምና አልወጣም ብላለች። እርስዎ ይነግሯታል ወይስ እኔ ልንገራት?»

ግንበኛው ካፖርቱን እንኳ ሳይደርብ ተከተላት።

በሩ ላይ ቆሞ ውሃ እየተንጠባጠበበት ተናገረ። «እህቴ፣ ያ መስታወት ተአምር አይደለም። ሳልፍቅ ቀለሙ ላይ ለጥፌው ነው ያልተሰበረው። ባልሽ እሱን አምኖ ገባ። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናቷ ጨርቁን ፈትታ መስታወቱን ገልብጣ አየችው።

«ለመፋቅ ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር?»

«ሩብ ሰዓት።»

«ሩብ ሰዓት» አለች። መስታወቱን ጠቀለለችው፤ ተነሣች፤ ብርድ ልብሱን ገፈፈች። «ድስቱን ያዢ» አለቻት ልጇን።

መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ ግድግዳው ሲደረመስ ከኋላቸው ሰሙ። እናቷ ዞራ አላየችም።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ በተጠለሉበት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጥግ ተንበርክካ ጸለየች። ጨርቁ አጠገቧ እንደታሰረ ነው። ልጅቷ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«አሁንም፣ እማ?»

«አሁንም።»

«ማስረጃሽ እኮ ሐሰት ሆነ።»

«ፈጣሪን ያመንኩት ከመስታወቱ በፊት ነው። መስታወቱን የያዝኩት ስለደከመኝ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስምንት ዓመት በአፌ ‹ፈቃድህ ነው› እያልኩ በሆዴ ስከሰው ኖርኩ። ያኔ የመታሁሽም የኔኑ ጥያቄ አውጥተሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።»

«ታዲያ ‹ለምን ዝም ብለህ አየህ?› ብለሽ ጠየቅሽው?»

«ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም።»

ልጅቷ ከጎኗ ተቀመጠች። መጸለይ አልቻለችም። ከንፈሯንም ለማስመሰል አላንቀሳቀሰችም። እናቷ ይህን አየች፤ አልተቆጣችም።

ግንበኛው ቦርሳውን ይዞ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። መግባትም መመለስም አቃተው። እናቷ የተጠለሉት ሕፃናት ከሚተኙበት ምንጣፍ በላይ ያለውን ግድግዳ በጣቷ አሳየችው። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለበት።

«መሮህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ያቺን ሩብ ሰዓት ክፈለኝ።»

ግንበኛው ተንበርክኮ ይፍቅ ጀመር። ቀለሙ ረገፈ፣ ልስኑ ረገፈ። ልጅቷ የአዳራሹን ሰዓት እያየች ቆመች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ግንበኛው አላረፈም። አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ግራጫው ድንጋይ ወጣ።

መስታወት ሊፈልግ እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ። ልጅቷ ቀደመችው። የእናቷን ጨርቅ አንስታ እናቷን አየቻት። እናቷ አልከለከለቻትም። ልጅቷ ቋጠሮውን ፈታች፤ አሮጌውን ጀሶ በጥፍሯ ፈልፍላ አረገፈችው፤ አረንጓዴው ቀለም አብሮት ወደቀ። መስታወቱን በቀሚሷ ጠረገችና ለግንበኛው ሰጠችው።

ድንጋዩ ላይ ለጠፈው። ጀሶው እስኪይዝ በመዳፉ ደግፎ ቆየ። ከዚያ እጁን አወረደ፤ እናትና ልጅን ተራ በተራ አየ፤ ምንጣፋቸው ጫፍ ላይም ቁጭ አለ።