«ድገመው!» ያሉት ልጆች

ጠጋ በሉ እስቲ፣ በሩንም ዝጉት። የምነግራችሁ ነገር ጆሮው ቀጭን ነው።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ወደ አሮጌው ሲኒማ ቤት በሚወስደው ጭር ያለ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን? ጋሽ ትርፌ፣ ፊልም አጫዋቹ! ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ያ ቤትና አንድ የልጆች ፊልም ነው። ምን ዓይነት ፊልም? በእጅ የተሳለ! ሱሪ የታጠቀ አህያ ይሮጣል፣ ሱሪው ይወልቃል፣ ይወድቃል፣ አለቀ። ድሮ ልጆቹ ሲስቁ የቤቱ ጣሪያ ተነስቶ ተመልሶ ይቀመጥ ነበር።

አሁንስ? ማንም ዝር አይልም። የከተማው ሹም ምን አሉት? «ትርፌ፣ ዛሬ ማታ ሰው ከገባ ቤቱ ይቆማል። ካልገባ ነገ ይፈርሳል።»

በየደጁ ለመነ። «እትዬ ሽብሬ፣ ልጆቹን ይላኩልኝ፣ በነጻ ነው!»

«ወደ ሰይጣን ቤት? ምን ነካህ ትርፌ! አህያ ሱሪ ሲታጠቅ የት አየህ?»

ፍየል እንኳ ለመነ። ፍየሏ እሺ ብላ ነበር፣ ባለቤቷ ከለከላት!

እናም ብቻውን ይሄዳል። ይሄዳል፣ ይሄዳል። ከኋላው በልጅ ድምፅ፣ «ጋሼ ትርፌ!»

በጨለማ አንዴ ብቻ ለጠራ ድምፅ አቤት ይባላል? አይባልም! እሱም ያውቃል። ግን ልጅ «ጋሼ» ካለው ስንት ዘመኑ! ናፍቆት አፉን ከፈተው።

«አቤት!»

ዞረ። ማንም የለ።

ገባ። መብራቱን አጠፋ፣ ማሽኑን አስነሳ። ጠርርርር። አህያው ሮጠ። አንድ ወንበር ሲጥ አለ። ዝም። ሌላው ሲጥ አለ። ከጥግ አንዱ አስነጠሰ። ሱሪው ሲወልቅማ ቤቱ በሳቅ ተናጋ! ጋሽ ትርፌ እንባው መጣ። «መጡልኝ!»

ፊልሙ አለቀ። «ድገመው!» አሉ። ደገመው። «ድገመው!» ደገመው።

«በቃ ልጆቼ፣ እናቶቻችሁ ይፈልጓችኋል» ብሎ መብራቱን አበራ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ከፊት ልጅ፣ ከጎን ምንም! እንደ ወረቀት የሳሱ፣ በቀለም የተሳሉ። ቀስ ብለው፣ «ጋሼ… ድገመው።»

በሩ ክፍት ነበር። መሮጥ ይችል ነበር። ውጭስ ማን ይጠብቀዋል? ማንም።

መብራቱን አጠፋው።

ሲነጋ አፍራሾቹ መዶሻ ይዘው መጡ። ያን ሁሉ ሳቅ ከውስጥ ሲሰሙ መዶሻው ወዲያ፣ እነሱ ወዲህ! ሹሙማ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሮጡት። ቤቱን እስከ ዛሬ የነካው የለም። ጋሽ ትርፌንም ያየው የለም።

ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል ይላሉ፤ የቀረው አንድ ነው። እና በዚያ መንገድ ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።

ወንበሩ ለሁለት አይበቃም።