የፈርሃና መህር

«ጀይሉ፣ እስቲ እዚህ ና።»

ፈርሃና በስሙ ከጠራችው ተቆጥታለች ማለት ነው፤ በደህናው ቀን «ኢንጂነሬ» ነው የምትለው።

የተዋወቁት ባለፈው የዝናብ ወቅት በዚህ በሰው አገር፣ እዚሁ ብዋይሴ የሚባለው ረባዳ ሰፈር ነበር። ጎርፉ ሰፈሩን ሲውጠው እሷ ቀሚሷን ሰብስባ የሰፈሩን ሰው ፍራሽ ትጎትታለች፤ እሱ የተሳፈረበት ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቱ፣ ውሃ መሃል ቆሞበታል።

«ቆመህ ከምታየኝ በዚያ በኩል ያዝልኛ!»

ያዘላት። ከዚያ ወዲህ መልቀቅ አቃተው።

አሁን አጎቱ ሐጂ አብዱራህማን ጎርፍ የማይደፍራቸው ቤቶች እንዲሠሩ ኮንትራት ወስደዋል። ጀይሉ መሐንዲሳቸው ነው። ፈርሃና ደግሞ ቤቶቹን በሚያሠራው የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ከነዋሪዎቹ ጋር የምትነጋገር ሠራተኛ ናት። ዓርብ ሐጂ ሽማግሌ ይዘው ኪዋቱሌ ሰፈር፣ አባቷ ቤት ሊሄዱ ተቀጥሯል።

ፈርሃና ናካቶ በምትባል የልጆች እናት አሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ ጎርፉ ጥሎት የሄደውን የጭቃ መስመር አሳየችው። ከዚያ አጠገቡ ወለሉ ብቻ ወደተሠራው አዲስ ቤት ወጥታ ቆመች። መስመሩ ጉልበቷ ጋ ደረሰ፤ ጎርፉ ቢመለስ አዲሱም ወለል ይሰጥማል።

«መንገድ ዳር ያሉት ቤቶች በደረጃ ነው የሚወጣባቸው። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ የሚያነሳው እነሱን ነዋ! ከኋላ ያሉትስ ሰው አይደሉም?»

«ወጪ ለመቆጠብ ወለሉን ዝቅ ያስደረጉት አጎቴ ናቸው። ነግሬያቸው ነበር፣ ‹ዝም በል› አሉኝ። ፈርሂ፣ ዓርብ ይለፍና እጋፈጣቸዋለሁ። አባት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ ሌላ ማን ሽማግሌ ይሆነኛል?»

ፈርሃና አፍጥጣ አየችው።

«እንግዲህ የኔ ሠርግ እንዲያምር የናካቶ ልጆች ውሃ ላይ ይተኙ?»

ቦዳ አስቁማ ሄደች።

ጀይሉ ተናደደ፤ መጀመሪያ በሷ፣ ቀጥሎ በራሱ። ከሰዓት በኋላ ግንበኞቹን አስቆመ። ሐጂ ሰምተው እየከነፉ መጡ።

«ወለሉ ከፍ ካላለ ግድግዳ አይቆምም» አላቸው።

«አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ በግንበኛ ፊት ታዋርደኛለህ? ለሽማግሌዎቹ ቃል ባልሰጥ ኖሮ ዓርብ እግሬንም አላነሳልህም ነበር!»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ሽማግሌዎቹን ይዘው ኪዋቱሌ ደረሱ። ሀገር ቤት ቢሆን ጀይሉ ከቤቱ አይወጣም ነበር፤ እዚህ ግን መኪናውን የሚነዳው እሱ ስለሆነ በሩ ጥግ ተቀመጠ።

የፈርሃና አባት ሰፍዋን ጥያቄውን በፈገግታ ሰሙ። «እኛ ደስ ብሎናል። በኒካሑ የሚሰጣትን መህር ግን ራሷ ትናገር።»

ፈርሃና ከጓዳ ወጣች። ሽማግሌዎቹ የወርቅ ነገር ጠበቁ።

«የምፈልገው መህር፣ ብዋይሴ ያሉት የኋላ ቤቶች ወለል ከጎርፉ መስመር በላይ ከፍ እንዲል ነው።»

ሐጂ ብድግ አሉ። «ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው? ሰው ወርቅ ይጠይቃል!»

«ወርቁን አጥልቄ እነዚያን ልጆች በምን ዓይኔ ልያቸው፣ ሐጂ?»

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መህር ከፋዩ ልጁ ነው። እሱ ይናገር።»

ጀይሉ ተነሳ። «ተቀብያለሁ። በጉልበቴም፣ ለቤታችን ባስቀመጥኩት ገንዘብም እከፍላለሁ።»

ፈርሃና ከተጣሉበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗን ለመስበር አልቸኮለችም።

ሐጂ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት እንቢ ማለት አቃታቸው። ለወለሎቹ የሚያስፈልገውን ድንጋይ ሰጡ፤ ጀይሉን ግን ከሥራ አባረሩት። እሱም ከግንበኞቹ ጋር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ተሸከመ። ኒካሑ የታሰረው የመጨረሻው ወለል ካለቀ በኋላ ነው።

በማግስቱ ናካቶ ማቶኬ የሚሉትን የሙዝ ምግብ አብስላ ሙሽሮቹን አዲሱ ቤቷ ጠራቻቸው። ፈርሃና ታሪኩን ስትነግራት እያጨበጨበች ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ከፍ ካለው ደጃፏ ላይ ሆና አንዴ ሰፈሩን፣ አንዴ እነሱን አየች።

«እናንተ ባትዋደዱ ኖሮስ፣ ልጆቼ የት ይተኙ ነበር?» አለች።

ፈርሃና የጀይሉን እጅ አጥብቃ ይዛ፣ አሮጌው ግድግዳ ላይ ባልጠፋው የጭቃ መስመር ላይ በንዴት አፈጠጠች።